ሁለት ዜሮዎች

ማታ ፎስፌት ጨምሬ እተኛለሁ፤ ጠዋት ተነሥቼ ስለካ የለም። ደግሜ እጨምራለሁ፤ ደግሞም የለም። ቨርጂንያ ያለው የሳሎኔ የኮራል ገንዳ ባለፈው የብርድ ወራት ሲያደርገኝ የከረመው ይህንን ነው። ካልሲየም ሲያንስ ማን እንደወሰደው ይታወቃል፤ ኮራሉ አጽሙን ሠርቶበታል። ይኼኛው ማዳበሪያ ግን የት ይገባል? ሦስት ዓሣ፣ ጥቂት የገረጡ ኮራሎችና የተከመረ ነጭ ድንጋይ ብቻ ባለበት ገንዳ ውስጥ ያን ሁሉ የሚጨርስ አፍ አይታየኝም።

ከመጥፋቱ በላይ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የጋሼ ገንዳ ነው። ጋሼ የምላቸው ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ እኔ ኮራል እንስሳ ይሁን ተክል ሳላውቅ ጀምረው ሪፍ (የኮራል መንደር) ሲያሳድጉ የኖሩ ሰው ናቸው። የሳቸውም ውኃ ሲለካ ዜሮ ነው። ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ። ኮራሎቻቸው ግን ሐምራዊው ሐምራዊ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፤ አክሮፖራ የሚባለው ባለቅርንጫፍ ኮራል ጫፉ ሲያድግ በዓይን ይታያል። እኔ ዘንድ ያው ዜሮ፣ ያው ዓይነት መለኪያ፣ ያው ዓይነት የመለኪያ ዱቄት፤ ኮራሉ ግን ገርጥቶ አጽሙ ከሥጋው ሥር ሊታይ ደርሷል። አንድ ቁጥር እንዴት ሆኖ አንዱን ቤት ያጠግባል፣ ሌላውን ቤት ያስርባል?

## ጠርቶ የነጣ

ገንዳውን የገዛሁት ወደ ሌላ ስቴት ከሚዛወር ሰው ነው፤ ከነዕቃው፣ ከነድንጋዩ፣ ከነኮራሉ። 75 ጋሎን ነው። ድንጋዩ የሚይዘውን ቦታ ቀንሰን፣ ከሥር ያለውን የማጣሪያ ሳጥን ስንደምርበት 280 ሊትር ያህል ውኃ አለው። ዕቃው ከተሟላም ያለፈ ነበር። የሁለት እጥፍ ገንዳ የሚያጸዳ ስኪመር (አረፋ እየሠራ ቆሻሻውን ከውኃው የሚለየው ማሽን ነው)፣ ፎስፌት የሚለቅም የብረት ዝገት ቅንጣት የሞላበት ቱቦ፣ ንጥረ ነገሩን የሚበላ፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራለት የአልጌ ሳጥን። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ መኖሩም ያጠራጥራል። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ውኃውን ያደንቃል፤ ኮራሉን ልብ የሚል የለም።

ኮራል የሚኖረው በሥጋው ውስጥ በሚያሳድራቸው ጥቃቅን ቡናማ አልጌዎች ነው። አልጌዎቹ በብርሃን ስኳር ሠርተው ለባለቤቱ ያካፍላሉ፤ እሱ ደግሞ መጠለያና ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስም ይሰጣቸዋል (ውኃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ብለን የምንለካቸው ናቸው)። እነዚህ ሁለቱ ሲነጥፉ አልጌዎቹ ይመናመናሉ፤ ቡናማው ይሳሳል። መጀመሪያ ፈካ ያለ ቀለም ይመጣና ሰው «አማረ!» ይላል። ቀጥሎ ይፈዛል፤ ከዚያ ይነጣል። ሞንቲፖራ የሚባለው የኔው ኮራል ፈዝዞ ወደ መንጣቱ ነበር።

በዚህ ላይ አሸዋው ላይ ቡናማ ንፍጥ መጣ። ከሰዓት በኋላ አረፋ አዝሎ ይዘረጋል፤ መብራት ሲጠፋ ይሳሳል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ ቡናማ ነገር ሲያይ «ውኃህ ቆሽሿል፤ ምግብ ቀንስ» ነው የሚለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ርካሽ ማይክሮስኮፕ አዘዝኩ። ከአሸዋው ላይ በመርፌ መጥጬ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አስቀመጥኩ። በእንባ ቅርጽ የተሠሩ ቡናማ ሕዋሳት ናቸው፤ ሹል ጫፋቸው በቀጭን የንፍጥ ክር ታስሮ እዚያው ባሉበት ይሾራሉ። አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ፤ ቆም ይላሉ፤ ደግሞ ይሾራሉ። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዓይኔን አላነሣሁም።

ኦስትሪዮፕሲስ ይባላል፤ ዲኖፍላጀሌት ከሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት ወገን ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች መርዝ ያመነጫሉ፤ አሸዋ ላይ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎች እየተገለበጡ የሚገኙት ለዚህ ነው። የዚህ ነገር አመሉ ክፉ የሚሆነው ውኃው ሲራብ ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ሲነጥፍ ከሱ ጋር የሚሻሙት አረንጓዴ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች ቀድመው ይዳከማሉ፤ ሜዳው ለሱ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ምግብ በቀነስክ ቁጥር የምታግዘው እሱን ነው። ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ከፍ ማድረግ አለብኝ ብዬ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው፤ ጋሼ መስማት ያልፈለጉትም ይህንኑ ነው።

## «ስናወጣው ኖረን!»

«አንተ ልጅ፣ ፎስፌት በገዛ እጅህ? ስንት ዘመን ስናወጣው ኖረን!» አሉኝ በስልክ።

ፍርሃታቸው መሠረት አለው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 (ከዚህ በታችም የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንዲያው ናቸው) ኬኔት ሲምኪስ የተባለ ተመራማሪ ፎስፌት የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል ሲገነባ እንደሚያውክ ጻፈ። የኮራል አጽም ደግሞ ከዚያው ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ነው። የሪፍ ባሕር ሲለካ ፎስፌቱ በሊትር ከ0.01 እስከ 0.03 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ናይትሬቱ ብዙ ጊዜ 0.1 እንኳ አይሞላም። በርሊን የሚባለው የጀርመኖች ዘዴ፣ ሕይወት ያለው ድንጋይና ኃይለኛ ስኪመር፣ ያንን ባሕር ሳሎን ውስጥ ለማምጣት የታሰበ ነው፤ ሠርቷልም። የጋሼ ትውልድ ናይትሬቱ 50 እና 100 በገባ ገንዳ ውስጥ ኮራል እየሞተበት ሥራውን የተማረ ነው። ዜሮ ማየት ለነሱ ማዕረግ ነበር። ልክ አይደላችሁም ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ገንዳቸውን እያየሁ እንዴት ብዬ?

በሳቸውና በኔ መካከል ግን ድንጋዩ ተለውጧል። የጋሼ ድንጋይ ከፊጂ ባሕር ወጥቶ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በአውሮፕላን የመጣ ነው። ትሉም፣ ስፖንጁም፣ ባክቴሪያውም አብሮ መጥቷል። ፊጂ በ2017 መጨረሻ የኮራልና የሕያው ድንጋይ ንግዱን ዘጋች። የኔው ከየብስ ተቆፍሮ የወጣ ጥንታዊ የሪፍ ድንጋይ ነው፤ ደረቅ፣ ነጭ፣ በካርቶን የሚሸጥ። ይህን ልዩነት ጠቅሼ ስከራከር «ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው» ብለው ወሬውን ወደ ልጆቻቸው አዞሩት።

ያቺ «ያው ድንጋይ ነው» ናት ምድር ቤት ያስወረደችኝ።

## ሁለት ባልዲ

ከገንዳው ጋር ከተረከብኩት ዕቃ መካከል ያልተከፈተ አንድ ካርቶን ደረቅ ድንጋይ ነበር። ውኃ ነክቶት የማያውቅ። ሁለት ባልዲ አወጣሁ። ሁለቱንም በተጣራ ውኃና በባሕር ጨው ሞላሁ፤ ውኃውን የምታንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ በየአንዳንዳቸው አስገባሁ፤ እኩል ፎስፌት ጨመርኩ። ድንጋይ ያስገባሁት በአንደኛው ብቻ ነው። ከዚያ ክዳናቸውን ገጠምኩና መብራቱን አጠፋሁ። ዓሣ የለ፣ ኮራል የለ፣ አልጌ የለ፣ ብርሃን የለ። የሚበላው ፍጡር ከሌለና ፎስፌቱ ከጠፋ፣ ሌባው ሌላ ነው ማለት ነው።

መለኪያዬ ሃና የምትባለዋ ትንሽ መሣሪያ ናት። (ባለቤቴ በስልክ «ሐና ዛሬ ምን አለች?» ስትለኝ የሰማች ጓደኛዋ ቤታችን ሌላ ሰው የገባ መስሏት እንደነበር ልንገራችሁና ልለፍ።) አጠቃቀሟ ትዕግሥት ይጠይቃል። 10 ሚሊ ሊትር ውኃ በጠርሙሷ ትቀዳለህ፤ የጣት አሻራ እንዳይኖርበት ጠርገህ ታስገባለህ፤ ዜሮ ታደርጋታለህ። የዱቄቱን ከረጢት በመቀስ ቆርጠህ፣ ጥጉ ላይ የቀረችው እንኳ እንዳትቀር በጣትህ እየመታህ ታፈሳለህ። ሁለት ደቂቃ በቀስታ ታወዛውዛለህ። መልሰህ አስገብተህ ቁልፏን ስትይዝ ሦስት ደቂቃ መቁጠር ትጀምራለች። ፎስፌት ካለ ውኃው ሰማያዊ ይነካዋል፤ ካነሰ ዓይንህ አይለየውም፣ እሷ ግን ትለየዋለች። የምትሰጥህ የፎስፈረሱን ቁጥር ነው፤ በ3.066 አባዝተህ ለ1,000 ስታካፍለው ፎስፌቱ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይመጣል።

ማታ ሁለቱም ባልዲዎች 49 ነበሩ፤ 0.15 ሚሊግራም ማለት ነው። ጠዋት ድንጋይ የሌለበት 48 አለ። ድንጋይ ያለበት 11።

ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። 0.15 የነበረው አንድ ሌሊት ጨለማ ውስጥ አድሮ 0.03 ገባ። ነጩ ድንጋይ ፎስፌቱን በገጹ ላይ ይዞ አስቀርቶታል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ፎስፌትን ወደ ገጹ ይስባልና። እንደገና ወደ 49 መለስኩት፤ በማግስቱ የወረደው እስከ 20 አካባቢ ብቻ ነው። አሁንም መለስኩት፤ ከዚያም ያነሰ ወረደ። እየሞላ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ድንጋዩን አውጥቼ ምንም ፎስፌት በሌለበት አዲስ የጨው ውኃ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ውኃው 8 አለ። የያዘውን መልሶ እየሰጠ ነው!

እዚያ ምድር ቤት ባልዲ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ከገንዳዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሠላሳ አርባ ኪሎ አለ። በየማታው የጨመርኩት ሁሉ ገጹን ሲያለብስ ነበር እንጂ ለኮራሉ የሚተርፍ አልነበረም። ውኃውና ድንጋዩ እስኪተካከሉ ድረስ ሁልጊዜም ቀድሞ የሚወስደው ድንጋዩ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ይህን ያህል ጠብታ ፎስፌትን በይህን ያህል ያሳድጋል» የሚለው ጽሑፍ ሕግ የሚሆነው ድንጋይ ለሌለበት ባልዲ ነው። አዲስ ገንዳ የሚጀምሩ ሰዎች ጨምረው ጨምረው ቁጥሩ አልነሣ ሲላቸው ተስፋ ቆርጠው የሚያቆሙት እዚህች ላይ ይመስለኛል፤ ሊሞላላቸው ጥቂት ሲቀረው።

የጋሼ ድንጋይ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የዓሣ ምግብ ጠጥቶ የጠገበ ነው። ውኃቸው ባነሰ ቁጥር እሱ ይሰጣል። ስለዚህ ያው ድንጋይ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የሃና ሠሪዎች ራሳቸው የስሕተቷ ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 5 ነው ብለው ጽፈዋል፤ በዚያ ላይ የንባቡ 5 በመቶ ይጨመራል። 48 እና 49 አንድ ናቸው። ዜሮ ያለችው ውኃም 0.015 ሚሊግራም ፎስፌት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የሪፍ ባሕር ራሱ የሚይዘው መጠን ነው! የኔ ዜሮ ባዶ፣ የጋሼ ዜሮ ደግሞ መለኪያዋ የማትደርስበት ጥቂት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ይህ የኮራሉን ልዩነት ሁሉ አያስረዳልኝም። ሜሪላንድ መሄድ ነበረብኝ።

## የሚተርፈውና የሚበላው

እሑድ ከሰዓት ጋሼ ቤት ተቀምጬ ገንዳቸውን ሳይሆን እጃቸውን ስከታተል ዋልኩ። ሃያ የሚያህሉ ዓሦች አሏቸው። እንደተቀመጥን በረዶ የሆነ ማይሲስ (ትንንሽ ሽሪምፕ መሰል ነው) አቅልጠው ሰጡ። ቡና ሳይፈላ ለቢጫዎቹ ዓሦች የባሕር ቅጠል በመቆንጠጫ አንጠለጠሉ። ሁለተኛው ቡና ላይ ደግሞ ደቃቅ ዱቄት በተኑ፤ ኮራሎቹ ጣቶቻቸውን ዘርግተው ለቀሙት። «እንግዳ ስለመጣ ነው ወይስ ሁሌም እንዲህ ነው?» አልኳቸው። «እነሱ ምን በደሉ፣ አንተ ብትመጣ ባትመጣ ሲርባቸው ይበላሉ» አሉኝ። ከሥር ያለው የስኪመሩ ጽዋ ጥቁር ነገር ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል።

መሶብ ቀርቦ ተጠራርጎ ሲነሣ ባለቤት የምታስበው ሁለት ነገር ነው፤ እንግዶቹ ጠገቡ ወይስ አነሳቸው? ባዶው መሶብ አይነግራትም። ወጥ ስንት ጊዜ እንደተጨመረ ያየ ነው የሚያውቀው። መለኪያችን የምታየው የተነሣውን መሶብ ነው። የጋሼ ገንዳ በየቀኑ ብዙ ይገባበታል፤ ያ ሁሉ በዓሣውና በኮራሉ አፍ ያልፋል፤ የተረፈውን ስኪመሩ ጠርጎ ያወጣል፤ ዜሮ ይቀራል። የኔ ገንዳ ለኮራሉ የሚተርፍ ምንም አልገባበትም፤ ዜሮ ቀረ።

ባሕሩም እንዲሁ ነው። የሪፍ ውኃ በሊትር ሲለካ ባዶ ነው፤ ግን ያ ባዶ ውኃ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ በኮራሉ ላይ ያልፋል፤ ፕላንክተንም (በውኃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ይዞ ነው የሚያልፈው። በዚያ ላይ ዓሣው አለ። በ1983 ሜየር፣ ሹልዝና ሄልፍማን ካሪቢያን ሴንት ክሮይ ደሴት ላይ ያጠኑት ነገር ይገርመኛል፦ ሌሊት ከሪፉ ወጥተው የሚበሉ ትንንሽ ዓሦች ቀን ቀን መጥተው ኮራሎች ላይ ያርፋሉ፤ ዓሣ የሚያርፍባቸው ኮራሎች ከማያርፍባቸው ፈጥነው ያድጋሉ። ዓሣው ከመተንፈሻ አካሉ የሚያወጣው አሞኒየም ነው፣ አንዱ የናይትሮጅን መልክ፤ የኮራሉ አልጌም ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየም ይቀልለዋል። ሕንድ ውቅያኖስ ቻጎስ ደሴቶች ላይ ደግሞ የወፍ ኩስ አለ። በ2018 የወጣ ጥናት አይጥ ያልገባባቸውንና አይጥ ወፎቹን የጨረሰባቸውን ደሴቶች አወዳደረ፤ ወፍ ባለባቸው ደሴቶች ዙሪያ የሪፉ ዓሣ ክብደት በ48 በመቶ ይበልጥ ነበር። በ2023 የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቪደንማንና ባልደረቦቹ ኮራሎች በሥጋቸው ያደረውን አልጌ እያራቡ ትርፉን ራሱን እንደሚፈጩት አሳዩ፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሚደርሳቸው በዚያ በኩል ነው። አልጌው ማዳበሪያ ካላገኘ አይራባም፤ አልጌው ካልተራባ ኮራሉ የሚፈጨው የለውም።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ተረክሁላቸው። አዳመጡኝና «እኔ ዓሣዬን አበላሁ እንጂ ኮራል አላዳበርኩም» አሉ።

## አጨማመሩ

ቤት ስመለስ ከጠርሙሱ በፊት ሌላ ሌላውን ነካካሁ። የብረት ዝገቱን ቱቦ ነቀልኩ። የአልጌውን ሳጥን መብራት ወደ ጥቂት ሰዓት አወረድኩ። ስኪመሩን ቀን ቀን አጠፋለሁ፤ ሌሊት ግን አበራዋለሁ፤ ብርሃን ሲጠፋ ኦክስጅን ስለሚወርድ አየር ማስገባቱን ያን ጊዜ ነው የምፈልገው። ዓሣ ጨመርኩ፤ አንድ ባንዴ፣ በየመካከሉ እየጠበቅሁ። ምግቡም በዝቷል። ዓሣና ምግብ ናይትሮጅኑንም፣ ፎስፈረሱንም፣ ሌላውንም ጥቃቅን ነገር አብሮ ስለሚያመጣ ከማንኛውም ጠርሙስ ይሻላል፤ ጠርሙስ የጎደለውን ለመሙላት ነው።

ጠርሙሱንም ራሴ ነው የምሠራው፤ የሚሸጠው በአብዛኛው ውኃ ነው። ለ280 ሊትር ናይትሬትን በ1 ሚሊግራም ለማሳደግ 0.38 ግራም ገደማ ንጹሕ ሶዲየም ናይትሬት ይበቃል። ፎስፌቱ ግን ያስደነግጣል፤ 0.03 ለማሳደግ የሚያስፈልገው ፎስፌት 8 ሚሊግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። በኩሽና ሚዛን የሚሆን አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በርከት አድርጎ ማሟሟትና ከዚያ በሚሊ ሊትር መስፈር ነው መንገዱ፤ ለምግብ ደረጃ የተሠራ ሶዲየም ፎስፌት መሆን አለበት፤ ለአትክልት የሚሸጠው ሌላ ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል።

ብዙ ሰው ናይትሬት ብቻ ይጨምራል፤ ፎስፌትን ይፈራልና። ይህ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። እነዚያው የሳውዝሃምፕተን ሰዎች በ2013 ያወጡት ጥናት ናይትሬት በዝቶ ፎስፌት ሲጎድል አልጌው ለመራባት ይገፋል፣ ፎስፈረስ ግን ያጣል፤ የሕዋሱን ሽፋን ፎስፈረስ በሌለው ቅባት ለመሥራት ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ሙቀትና ብርሃን ትንሽ ሲበረታ ኮራሉ ይነጣል ይላል። እንዲያ ከሆነ ሁለቱም ከሚጎድሉበት ገንዳ ይልቅ ፎስፌቱ ብቻ የሚጎድልበት ሊብስ ይችላል። ስለዚህ እኔ ፎስፌቱ ውኃው ውስጥ ማደር እስኪጀምር ድረስ ናይትሬቱን አልነካሁም። ሬድፊልድ የሚሉት፣ ናይትሮጅን ለፎስፈረስ 16 ለ1 የሚለው ምጣኔ ላይ የሚጨቃጨቁም አሉ፤ ሰውየው በ1930ዎቹ ያገኘው የባሕር ፕላንክተንን አማካይ ነው፤ ለሳሎን ገንዳ ብሎ አይደለም። ፎስፌት ከ0.05 እስከ 0.1፣ ናይትሬት ከ5 እስከ 10 መካከል ካደረ እኔ አልከራከርም።

ቀስ ማለት ግን ግዴታ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቀይ ባሕር ላይ ተፈጥሮ ራሷ ስትቸኩል ምን እንደሆነ ተመዝግቧል። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ያመጣው ብርድ በቀጣዩ የብርድ ወራት ኢላት ሰላጤ ደረሰ። የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ከበደና ከ850 ሜትር በላይ ጠልቆ ከታችኛው ጋር ተደባለቀ፤ እታች ተከማችቶ የነበረው ንጥረ ነገር ሁሉ አንዴ ወደ ላይ ወጣ። በ1992 ጸደይ ወፍራም የአልጌ ምንጣፍ ኮራሉን ሸፈነው፤ ብዙው ታፍኖ ሞተ። ያ ሪፍ በደኅናው ጊዜ በየዓመቱ ከዚያው ጥልቅ ውኃ በልክ እየተቀበለ የሚኖር ነው። እኔም በቀን ከ0.02 በላይ ፎስፌት አልጨምርም።

የኔ ገንዳ አሁን ፎስፌቱ 0.07 አካባቢ፣ ናይትሬቱ 6 ነው። ኮራሎቹ መጀመሪያ ቡናማ ሆኑ፤ አልጌያቸው ሲመለስ እንዲያ ነው፣ የሚያስደነግጠው ሰው ብዙ ነው። አረንጓዴው ቀስ ብሎ ከቡናማው ላይ ወጣ። የሞንቲፖራው ጠርዝ አዲስ ነጭ መስመር አውጥቷል፤ ይኼኛው ነጭ የዕድገት ነው። የሚሾሩት ሕዋሳት ወራት ፈጅቶባቸው ለቀቁ፤ በምትካቸው መስታወቱን አረንጓዴ አልጌ እየለበሰ በየሁለት ቀኑ መፋቅ አለብኝ። ድንጋዩ ሊሞላ ስለቀረበ የምጨምረውን በግማሽ ቀንሻለሁ፤ አንዴ ከጠገበ ደግሞ መስጠት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ፎስፌት ለማውረድ የሚያታግለው ሌላኛው ችግር ይመጣል።

ጋሼ ለገና አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው፤ እስከ ፋሲካ አይመለሱም። ገንዳቸውን ከሥራ መልስ ብቅ እያለ በቀን አንዴ የሚያበላላቸው የእኅታቸው ልጅ ነው። ምግቡ ወደ ሩብ ወርዶ ስኪመሩ በሙሉ ኃይሉ ከቀጠለ የሳቸው ዜሮ የኔው ዜሮ ይሆናል፤ ድንጋያቸው የያዘው ለጥቂት ጊዜ ቢያቆያቸውም ነው። ስኪመሩን ግማሽ ቀን አጥፍተው ይሂዱ ብያቸዋለሁ። «በሠላሳ ዓመት ጠፍቶ አያውቅም» አሉኝ። የቤቱን ቁልፍ አንዱን ለልጁ፣ አንዱን ለኔ ሰጥተዋል።